«ሄውሬካ»፤ የአንድ ቃል አመጣጥና ምሥጢር

ሰው ብዙ ዘመን ያስጨነቀው ነገር ድንገት በተፈታለት ጊዜ ደስታውን በልቡ ሊይዘው አይችልም፤ ከአፉ ያመልጠዋል። የአማርኛ ተናጋሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ «በራልኝ» ወይም «ብልጭ አለልኝ» ወይም «ተገለጸልኝ» ይላል። የአውሮፓ ሕዝቦች ግን የየራሳቸው ቋንቋ ሳያንሳቸው ለዚህ ደስታ አንድ የግሪክ ቃል ተውሰው ይናገራሉ፤ ቃሉም «ሄውሬካ» ነው። እንግሊዞች በመጀመሪያው ላይ ያለውን የ«ሀ» ድምፅ ጥለው «ዩሬካ» ስለሚሉት በኢትዮጵያም ከተማሩት ወገን ብዙዎቹ የሚያውቁት በዚሁ አነጋገር ነው።

ከቃሉም ጋራ ታሪኩ ይነገራል፤ አንድ ጠቢብ ከመታጠቢያው ዘሎ ወጥቶ ራቁቱን በከተማ መካከል እየጮኸ ሮጠ ይባላል። ሰሚው ይሥቃል፤ ከሣቀም በኋላ ዕውቀት ማለት እንደ ዝናም ጠብታ በራስ ላይ የሚወርድ ድንገተኛ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። ተማሪም ይህን ሰምቶ፥ የደከመና ያልደከመ አንድ ነው፥ ዕድል ያለው ያገኛል፥ ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ ካልተመረመረ ተረት የመጣ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ማን እንደ ጻፈው፥ ቃሉም በተነገረበት ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ነገሩም በፈተና ጊዜ ይቆም እንደ ሆነ መመልከት ይገባል።

አርኪሜዴስ የሚባለው ይህ ጠቢብ የሰራኩስ ሰው ነበረ። ሰራኩስ በሲሲሊያ ደሴት ግሪኮች የመሠረቷት ከተማ ናት፤ የሐዋርያት ሥራ አንባቢም ያውቃታል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን የተቀመጠባት ከተማ ናትና። አርኪሜዴስ በ287 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግድም ተወልዶ፥ በ212 ሮማውያን ከተማይቱን ከብበው በያዙ ጊዜ በአንድ ወታደር እጅ ተገደለ። በዚህም ሆነ ወደ ፊት በሚነገረው ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። እርሱ የክበብንና የሉልን ልክ፥ ከባድ ነገር በትንሽ ኃይል የሚነሣበትን ሥርዐት፥ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ነገሮችንም ሕግ የመረመረ ሰው ነበረ። ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ የሠራቸው የጦር መሣሪያዎች ሮማውያንን አስጨንቀው እንዳቈዩአቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

የመታጠቢያውን ታሪክ የጻፈው ቪትሩቪዮስ የተባለ ሮማዊ የሕንፃ ሊቅ ነው። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ስለ ሕንፃ ሥራ ዐሥር መጻሕፍት ጽፎ ነበርና፥ በዘጠነኛው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነገሩን አስገብቶታል። ታሪኩም በአጭሩ እንዲህ ነው። የሰራኩስ ንጉሥ ሂኤሮን ለአማልክቱ የተሳለውን የወርቅ አክሊል ለማሠራት ለአንድ አንጥረኛ ወርቅ መዝኖ ሰጠው። አንጥረኛውም አክሊሉን በቀጠሮው ሠርቶ አመጣ፤ ሚዛኑም ከተሰጠው ወርቅ ጋራ ትክክል ሆነ። በኋላ ግን ከወርቁ ሰርቆ በምትኩ ብር ቀላቅሏል የሚል ክስ ተነሣበት። ንጉሡ ተቈጣ፤ ነገር ግን ስርቆቱን የሚገልጥበት መንገድ አጣና አርኪሜዴስን እንዲያስብበት ለመነው። አርኪሜዴስም ይህን እያሰበ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ፤ በገንዳው ውስጥ በገባ ጊዜ ገላው የገባውን ያህል ውኃው ከገንዳው ሲፈስስ አየ። ወዲያው ነገሩ ተፈታለት፤ ደስታውም አላስቆመውምና ራቁቱን ወጥቶ በግሪክ ቋንቋ «ሄውሬካ፥ ሄውሬካ» እያለ ወደ ቤቱ ሮጠ። ከዚያም በሚዛን ከአክሊሉ ጋራ ትክክል የሆኑ ሁለት ድብልብሎች፥ አንዱን ከወርቅ አንዱን ከብር፥ አዘጋጅቶ፥ ውኃ በሞላ ዕቃ ውስጥ በየተራ እየነከረ የፈሰሰውን ውኃ ሰፈረ። በመጨረሻም አክሊሉን ነከረው፤ ከወርቁ ድብልብል ይልቅ ብዙ ውኃ ስላፈሰሰ ብር መቀላቀሉ ታወቀ፤ የአንጥረኛውም ስርቆት ተገለጠ።

ቪትሩቪዮስ ይህን የጻፈው አርኪሜዴስ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከእርሱም በኋላ ከልደተ ክርስቶስ ወዲህ በአንደኛው መቶ ዓመት የተወለደው ግሪካዊው ፕሉታርኮስ ነገሩን በአጭር ቃል አንሥቶታል። እርሱ እንደሚለው አርኪሜዴስ እየጮኸ ዘሎ የወጣው መንፈስ እንደ ያዘው ወይም ከላይ እስትንፋስ እንደ ተነፈሰበት ሰው ሆኖ ነው። እንግዲህ ቃሉን ከድንገተኛ መገለጥ ጋራ ማስተሳሰር የዛሬ ሰዎች ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከጥንት የመጣ ነው።

ነገር ግን ያው ፕሉታርኮስ ሰራኩስን የያዘውን የሮማዊውን የጦር አለቃ የማርኬሎስን ታሪክ ሲጽፍ ስለ አርኪሜዴስ ሌላ ነገር ይነግረናል። ጠቢቡ በሐሳቡ ተይዞ መብሉን ይረሳ ነበር፤ ገላውንም ቸል ይል ነበር። ሰዎች በግድ ወደ መታጠቢያ ሲወስዱት በምድጃው አመድ ላይ የልክ ሥዕል ይሥል ነበር፤ ዘይት በተቀባ ገላውም ላይ በጣቱ መስመር ያሰምር ነበር። እነዚህን ሁለት ቃሎች አጋጥሞ ያነበበ ሰው ምሥጢሩ ይገባዋል። በገንዳ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ውኃው ሲፈስስ አይቷል፤ ከአርኪሜዴስ በቀር ጮኸ የተባለ ግን የለም። ውኃው ለሁሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጥያቄውን ይዞ በገባውና ባዶውን በገባው መካከል ነው። አርኪሜዴስ መልሱን በመታጠቢያው ቢያገኝም ጥያቄውን ይዞት የሄደው ከቤቱ ነው።

ይህን የቃሉ ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል። «ሄውሬካ» የሚለው «ሄውሪስኮ» ከሚባለው ግሥ የወጣ ነው፤ የግሡም ትርጓሜ በግዕዝ «ረከበ» በአማርኛ «አገኘ» ማለት ነው። የግሪክ ቋንቋ ግን ላለፈ ነገር ከአንድ የበለጠ አንቀጽ አለው። «ሄውሮን» ያለ እንደ ሆነ ሥራው ተፈጽሞ ማለፉን ብቻ ይናገራል። «ሄውሬካ» ያለ እንደ ሆነ ግን የተገኘው ነገር ገና በእጁ መኖሩን ጨምሮ ይናገራል። ግዕዝ ሁለቱን «ረከብኩ» በሚለው በአንድ ቀዳማይ አንቀጽ ይጠቀልላቸዋል፤ አማርኛ ግን እንደ ግሪክ ይለያቸዋል፤ ፊተኛው «አገኘሁ»፥ ኋለኛው «አግኝቻለሁ» ነው። ስለዚህ ቃሉን «አገኘሁት» ብለው የሚተረጕሙት ባይሳሳቱም «አግኝቻለሁ» የሚለው ይበልጥ ይስማማዋል።

ልዩነቱ በቅዱስ ወንጌል የግሪክ ንባብም ይታያል። በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ በጉ የጠፋበት እረኛና ድሪሟ የጠፋባት ሴት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ደስታቸውን ሲነግሩ «ሄውሮን» ይላሉ። በዮሐንስ ወንጌል በ1ኛው ምዕራፍ ግን እንድርያስ ለወንድሙ ለስምዖን፥ ፊልጶስም ለናትናኤል፥ መሲሕን ማግኘታቸውን ሲያበሥሩ ቃሉ «ሄውሬካሜን» ነው፤ አርኪሜዴስ ጮኸበት የተባለው ያው አንቀጽ በብዙ ቍጥር ሆኖ ነው። የእረኛውና የሴቲቱ ደስታ የጠፋው ስለ ተመለሰ ነው፤ የሐዋርያቱ ግን ያገኙት ከእነርሱ ጋራ ስለሚኖር ነው። ፍለጋም ከማግኘት በፊት ነበረ። እረኛው የጠፋውን ተከትሎ ሄዷል፤ ሴቲቱ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋለች፤ እንድርያስም አስቀድሞ ከመጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነበረ።

እንግዲህ «በራልኝ» በሚለውና «ሄውሬካ» በሚለው መካከል ልዩነት አለ። «በራልኝ» ሲባል የግሡ ባለቤት ብርሃኑ ነው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። «ብልጭ አለልኝ» ሲባልም እንዲሁ ነው። በ«ሄውሬካ» ግን ባለቤቱ ራሱ ሰውየው ነው፤ የፈለገ እርሱ ነው፤ ያገኘም እርሱ ነው። ሁለቱም አነጋገር እውነት አላቸው፤ አንዱ ስጦታውን፥ ሁለተኛው ድካሙን ያስታውሳል። የአርኪሜዴስን ታሪክ የሚያሳንሰው፥ ግሪኩ ስለ ድካም የተናገረውን ቃል ስለ ዕድል እንደ ተነገረ አድርጎ የሚሰማ ነው።

ከማግኘት በፊት ድካም እንዳለ ሁሉ ከማግኘት በኋላም ድካም አለ፤ እርሱም ፈተና ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚረሳው አንጥረኛውን ነው። የንጉሥን ስእለት ወርቅ ሰረቀ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ነበረ፤ ቪትሩቪዮስም የመጨረሻ ዕጣው ምን እንደ ሆነ አልጻፈም። በጠቢቡ ሩጫ የሚሥቅ ሰው፥ የፈሰሰው ውኃ በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ ይበቃ ነበርን ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ነገሩን በቍጥር መመልከት ይቻላል። አክሊሉ 1 ኪሎግራም ይመዝን ነበር እንበል። ንጹሕ ወርቅ ከሆነ የሚይዘው ቦታ 52 ኩቢክ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከዐሥሩ እጅ ሦስቱ ብር ከሆነ 65 ያህል ይይዛል። ልዩነቱ 13 ኩቢክ ሳንቲሜትር ነው። ይህን አክሊል የአፉ ስፋት 20 ሳንቲሜትር በሆነ ክብ ዕቃ ውስጥ ቢነክሩት፥ በንጹሑና በተቀላቀለው መካከል የውኃው ከፍታ የሚለየው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ነው። ውኃ ደግሞ በዕቃ አፍ ላይ ሳይፈስስ ጥቂት ያብጣል፤ ከፈሰሰም በኋላ ይንጠባጠባል፤ በአክሊሉ ቅጠሎች መካከልም የአየር አረፋ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መካከል ያ ቀጭን ልዩነት ሊጠፋ ወይም በሐሰት ሊጨመር ይችላል። ያን ጊዜ ንጹሑ ሌባ፥ ሌባውም ንጹሕ ይባላል።

ይህን ጕድለት ካስተዋሉት ሊቃውንት አንዱ ጋሊሌዮ ነው። በ1586 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ስለ ትንሽቱ ሚዛን አጭር ጽሑፍ ጽፎ፥ በውኃ መስፈር ተደረገ የተባለው መንገድ ሸካራ እንደ ሆነ፥ ለአርኪሜዴስም ጥበብ እንደማይመጥን አመለከተ። በምትኩም በአርኪሜዴስ መጻሕፍት ባለው ሕግ ላይ የቆመ የሚዛን መንገድ አሳየ። የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ አክሊሉንና በክብደት ትክክል የሆነውን ንጹሕ ወርቅ በሚዛን ሁለት ጫፍ ቢያንጠለጥሏቸው በአየር ላይ እኩል ይሆናሉ። ሁለቱንም በውኃ ውስጥ ሲያወርዷቸው ግን ብዙ ቦታ የያዘው ይቀላል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ብር የተቀላቀለበት አክሊል ከወርቁ ይልቅ በ13 ግራም ያህል ይቀላል፤ ይህንም ያህል ልዩነት የገበያ አንጥረኛ ሚዛን እንኳ ይለየዋል። ያው ውኃ፥ ያው አክሊል ሆኖ፥ በአንዱ መንገድ የሚያጠራጥረው በሁለተኛው መንገድ ግልጥ ይሆናል። «አግኝቻለሁ» ካሉ በኋላ የተገኘው እውነት መሆኑን መፈተን ቅንጦት አይደለም፤ የሰው ስምና ነፍስ የሚያርፍበት ነገር ነው።

አርኪሜዴስ ራሱ ስለሚንሳፈፉ ነገሮች ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። በእነርሱም ውስጥ ከውኃ የሚከብድ ነገር በውኃ ውስጥ ሲሆን፥ ቦታ የለቀቀለትን ውኃ ክብደት ያህል እንደሚቀል አስረድቷል። ስለ አክሊሉ፥ ስለ መታጠቢያው፥ ስለ ጩኸቱም ግን በእነዚህ መጻሕፍት አንድ ቃል የለም፤ ያለው ጥያቄና ማስረጃ በየተራው ተሰልፎ ብቻ ነው። ሕዝብ ጩኸቱን በአፉ ጠበቀ፤ ብራና ሥራውን ጠበቀ።

ብራናው የተጠበቀበትም መንገድ ካህናት ሊሰሙት የሚገባ ነው። የዚህ መጽሐፍ የግሪክ ንባብ ጠፍቶ ለብዙ ዘመን በ1269 በተደረገው የላቲን ትርጕም ብቻ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን በ10ኛው መቶ ዓመት የአርኪሜዴስ ሥራዎች የተጻፉበት አንድ የግሪክ ብራና ነበረ። በ1229 አንድ ጸሐፊ ያን ብራና ፍቆ፥ ቅጠሎቹንም አጥፎ፥ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። ብራና በስንት ድካም እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ጸሐፊ አይነቅፈውም። የጸሎት መጽሐፉም በቤተ ልሔም አቅራቢያ ባለው በቅዱስ ሳባ ገዳም ኖሮ በኋላ ወደ ቍስጥንጥንያ ተወሰደ። በዚያም በ1906 ሃይበርግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በጸሎቱ መስመሮች ሥር የደበዘዙትን ፊደሎች መርምሮ የአርኪሜዴስ ቃል መሆናቸውን ዐወቀ፤ ስለሚንሳፈፉ ነገሮች የተጻፈውም የግሪክ ንባብ ከዚያ ተገኘ። መጽሐፉ ዳግመኛ ለብዙ ዓመት ከዐይን ከተሰወረ በኋላ በ1998 በኒው ዮርክ ከተማ በጨረታ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከ1999 ጀምሮም ሊቃውንት በልዩ ልዩ ብርሃንና በራጅ ጨረር እየረዱ ያልተነበቡትን ፊደሎች ለማንበብ ብዙ ዓመት ደከሙ። ብራናውን የፋቀው እጅ ሳያውቀው ጠባቂ ሆነ፤ በመጽሐፉ የጸለዩትም መነኮሳት ከጸሎቱ ሥር ያለውን ሳያዩ ጠበቁት። ሃይበርግ ግን የአርኪሜዴስን መጻሕፍት ሲያርምና ሲያሳትም የኖረ ሰው ስለ ነበረ ሌሎች ያለፉትን ጥላ እርሱ አነበበው።

የጠቢቡም መቃብር እንደዚሁ በሚያውቅ ሰው ፍለጋ ተገኝቷል። በ75 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሮማዊው ኪኬሮ በሲሲሊያ ሹመት ላይ ሳለ የሰራኩስን ሰዎች የአርኪሜዴስ መቃብር የት ነው ብሎ ቢጠይቅ የለም አሉት። እርሱ ግን በመቃብሩ ላይ የሉልና የዓምድ ምስል እንደ ቆመ አስቀድሞ ሰምቶ ነበርና፥ በእሾህ ቍጥቋጦ መካከል ሲመለከት ምልክቱን አየ። የከተማው ልጆች በየቀኑ ያለፉበትን እንግዳው አገኘው፤ የሚፈልገውን ያውቅ ነበርና።

ቃሉ ከጥንት ወዲህ በሁለት ዓይነት መንገድ ሄዷል። ጋውስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በጁላይ 10 ቀን 1796፥ በግል መዝገቡ ላይ ይህን ቃል በግሪክ ፊደል ጻፈ። ያገኘውም ማንኛውም ሙሉ ቍጥር ከሦስት የማይበልጡ የሦስት ማዕዘን ቍጥሮች ድምር መሆኑን ነው፤ የሦስት ማዕዘን ቍጥሮች ማለትም 1፥ 3፥ 6፥ 10 እየተባለ የሚቀጥሉት ናቸው። በደስታ ከጻፈው በኋላ ማስረጃውን አዘጋጅቶ በ1801 ባወጣው መጽሐፍ ለሊቃውንት ፈተና አቀረበው። በአሜሪካ ግን የካሊፎርኒያ ግዛት በ1849 ባሠራችው ማኅተም ላይ ያንኑ ቃል አስቀረጸች፤ በ1963ም በሕግ የግዛቲቱ መፈክር ሆነ። ይህም ስለ ወርቅ ነው፤ በጃንዋሪ 1848 የእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ የነበረ ሰው ወርቅ ሳይፈልግ በውኃው መውረጃ ውስጥ አይቶ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ጐርፏልና። በጋውስ መዝገብ ቃሉ የፈላጊ ቃል ነው፤ በማኅተሙ ላይ ግን ወደ ዕድል ቃልነት ያዘነብላል። የዛሬ ሰው ሲናገረው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገር ሊያስብበት ይገባል።

ለኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ቤቱ አልሞላ፥ ሰሙም ከወርቁ ጋራ አልገጥም ይለዋል። ከብዙ ጭንቀት በኋላ ቃሉ ድንገት ሲመጣለት ያለ እርሱ ድካም የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ግሥ ያላጠና፥ አገባብ ያልለየ፥ ታሪክ ያልሰማ ሰው ከዛፍ ሥር ዓመት ቢቀመጥ ምሥጢር አይመጣለትም። ከመጣለትም በኋላ ነገሩ አልተፈጸመም፤ ወደ መምህሩ ሄዶ ይነግራል፤ መምህሩም ወይ ያጸናለታል ወይ ያርመዋል ወይ ይጥልበታል። ሰምና ወርቅ የሚለውም ስም ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ስለ ሆነ፥ ወርቅ ሳይፈተን ወርቅ እንደማይባል ባለ ቅኔ ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ይህን ያስተምራል። ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ልትወጣ ደጋግማ ስትወድቅ በመጨረሻም ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ ተብሎ ይተረካል። ዜማ ከሰማይ ተገለጠለት የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መገለጡ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታው ግን ያሬድን ያገኘው ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነው።

እንግዲህ «ሄውሬካ» በሁለት ድካሞች መካከል የቆመ አጭር ደስታ ነው፤ በፊቱ ጥያቄ አለ፥ በኋላው ፈተና አለ። ፊተኛውን የዘለለ ሰው ውኃው በፊቱ ሲፈስስ እያየ አያስተውልም፤ ኋለኛውን የዘለለ ሰው ደግሞ ባልተፈተነ ሚዛን በባልንጀራው ላይ ይፈርዳል። ሁለቱን የጠበቀ ግን ቢጮኽም ባይጮኽም፥ በአደባባይ ቢሰማም በጓዳው ብቻ ቢያውቀውም፥ «አግኝቻለሁ» ብሎ ለመናገር ይገባዋል።